ሠርግ የለመደው ድንኳን

ኑሮ ሲወደድ ሰው ከሥጋው ይቀንሳል። ዕድርስ ከምን ይቀንሳል? ከለቅሶው ካላችሁኝ፣ መቱ ያለውን የሰፈራችንን ዕድር አታውቁትም ማለት ነው። የእኛ ዕድር ንግድ ጀመረ።

ሊቀመንበራችን ጋሼ ታደሰ በጡረታ የተገለሉ የቢሮ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «ይህ ድንኳን ሰው እስኪሞት ድረስ ተጣጥፎ የሚቀመጠው እስከ መቼ ነው? ለሠርግ ይከራይ እንጂ!» አሉ። አጨበጨብን። ለቀስተኛም ሠርገኛም የሚቀመጠው በዚያው በቂጡ አይደለም እንዴ?

አምና በጥር የእትዬ አስካለ ባል ሞቱ። ጡሩንባው ተነፋ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ድንኳኑ ግን የለም። ለካስ ጎረቤት ከተማ ሁሩሙ ሠርግ ሄዷል! ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አናታችንን ሲበሳን ውሎ አመሻሹ ላይ ድንኳኑ ደረሰ። ከነፊኛው፣ ከነአበባው፣ «መልካም ጋብቻ» ከሚለው ጨርቁ ጋር ተተከለ። እትዬ አስካለ እያለቀሱ ቀና ብለው አዩትና፣ «ጋሼ ታደሰ፣ ከወዲሁ ልትድሩኝ ነው?» አሉ።

ጋሼ ታደሰ በጣም አፈሩ። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ «ትምህርት ወስደናል፤ ከእንግዲህ በዕቅድ እንሠራለን» ብለው ቃል ገቡ። ኪራዩን ሊተዉ ነው ብለን ደስ አለን።

ዘንድሮ በጥር መጀመሪያ እኔን ወባ ጣለኝ። ጋሼ ታደሰ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። እጄን ያዙ፣ ግንባሬን ዳሰሱ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ጃባዹ ልጄ፣ በርታ!» አሉኝ። «እንደምንም ብለህ እስከ ሁዳዴ ቆይ። ያኔ ሠርግ ስለሌለ ድንኳኑ ያንተ ነው።»