ከአዱሬ የተረፈ

ሰበታ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ በር አንኳኩታችሁ «ድመት አላችሁ?» ብትሉ፣ አለኝ የሚል ሰው አታገኙም። «እዚህ ትውላለች እንጂ የኛ አይደለችም» ነው የሚሏችሁ። ላም ባለቤት አላት፣ ውሻም የሚጠብቀው ግቢ አለው፤ ድመት ግን ዝም ብላ የምትኖር ነገር ናት። ሥጋ ስትሰርቅ የጎረቤት ትሆናለች፣ አይጥ ስትይዝ የኛ። ስትታመምስ? ያን ጊዜ የማንም አትሆንም ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ስትታመም የሁላችንም ናት። ሁላችንም ሐኪሟ ነን።

ይህን የማወራው ደስ ብሎኝ አይደለም። ልጄ ሜሪ አጠገቤ ተቀምጣ በግራ እጇ እየበላች ነው። ለምን በግራ እንደሆነ እደርስበታለሁ።

የኛ ግቢ ድመት አዱሬ ይባላል። አከራያችን ኦቦ ቶሎሳ «አዱሬ፣ ውጣ ከዚህ» ሲሉት ስሙ መስሎኝ እኔም አዱሬ አልኩት፣ ሜሪም አዱሬ አለችው፣ ሱሉልታ ኮንስትራክሽን ላይ የሚሠራው ባሌም በስልክ «አዱሬ እንዴት ነው?» ማለት ጀመረ። ለካስ አዱሬ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው። ሰውዬው ድመቱን ድመት ሲሉት ነው የኖሩት። ነገሩን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁና «ታዲያ አበበ ልበለው?» አሉኝ።

አዱሬ ሥራ አለው። ግቢው በር ላይ የእትዬ ረሕመት ሱቅ አለ፤ ዱቄትና ሩዝ ባለበት ደግሞ አይጥ አይጠፋም። ሜሪን በወለድኩ ሰሞን አንዷ አይጥ አልጋችን ላይ ስትራመድ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ ዓይኔን የምከድነው አዱሬ ከልጄ እግር ሥር ሲጠቀለል ብቻ ነው። ባሌ ሱሉልታ ነው፣ ጠባቂያችን አዱሬ ነው። እንግዲህ እሱ ሲታመም እኔ እንዴት እንደምሆን አስቡት።

የሚታመመው ደግሞ በጠብ ነው። ከአጥሩ ማዶ ካሉ ድመቶች ጋር ተቧጭሮ ይመጣና ቁስሉ መግል ይቋጥራል። ያን ጊዜ የእትዬ ረሕመት የብስኩት ቆርቆሮ ይወጣል። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው የሰፈሩ ሕመም ትራፊ ነው፤ የአንዱ ሳል፣ የሌላዋ ጥርስ፣ የኦቦ ቶሎሳ ጉልበት። እኛ ጋ መድኃኒት አይጨረስም። ሲሻልህ ታቆማለህ፣ የቀረውን ታስቀምጣለህ፤ ሳይታመሙ መዋጥ ብክነት ነው። እንጀራ ሲተርፍ ለድመት እንደሚሰጥ መድኃኒትም ሲተርፍ ለድመት ቢሰጥ ምን ይገርማል?

እትዬ ረሕመት ቀይ በጥቁሩን የኪኒን ፍሬ ከፍተው ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሱታል። ለሰውም እንዲሁ ነው የምናደርገው። አዱሬ ዞር ብሎ ይልሰዋል። እኔ ስደነግጥ እሳቸው፣ «ተይው ይላሰው፣ በውስጥም በውጭም ይሠራለታል» ይላሉ።

እውነትም ዳነ። ክፋቱም መዳኑ ነው። ባይድን ኖሮ እንተወው ነበር።

ቡራዩ ያለችው እህቴ ደግሞ ከኛ ትብሳለች፤ ድመቷ ሲያስነጥሳት ግማሽ ኪኒን በወተት ነው። የእንስሳት ሐኪም የለም እንዳትሉ፣ አለ። ኦቦ ቶሎሳ ላማቸውን ይወስዳሉ። አንድ ጊዜ አዱሬንስ ብንወስደው ብል፣ «በሬዎቹ ይስቁብሻል» አሉኝ። ባሌም በስልክ ሲሰማ፣ «ይህን ለሰው እንዳትነግሪ» አለኝ። እናም የኛ ድመት መድኃኒት አለው፣ ሐኪም የለውም።

ቆርቆሮው ባዶ ሲሆን እትዬ ረሕመት መድኃኒት ቤት ሄዱ። ሻጩ ለማን ነው ብሎ ጠየቃቸው። ለድመት ቢሉ እንደማይሸጥላቸው ያውቃሉ። «ለሜሪ ነው» አሉት። ክብደቷንም ጠየቃቸው። «ኧረ እሷ ድመት ናት፣ ምን ክብደት አላት» አሉት። ተመልሰው ሲነግሩን ግቢው በሳቅ ሞላ። እኔም ስቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ አዱሬ በቆሰለ ቁጥር ሜሪ መድኃኒት ይገዛላታል። የዚያኑ መድኃኒት የልጅ ሽሮፕ በውሃ እየበጠበጥን እሱን እናጠጣለን፤ ሲሻለው እናቆማለን፣ ሲብሰው እንቀጥላለን። ጉንፋን እንኳ ያልያዛት ልጄ መድኃኒት ቤቱ ጋ በሽተኛ ሆና ቀረች። ሻጩ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ልጅቷ ተሻላት?» ይለኛል። ተመስገን እላለሁ። ሌላ ምን ልበል?

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ረሕመት አፉን ከፍተው፣ እኔ እግሩን ይዤ፣ ሽሮፑን ስናጠጣው ሜሪ «እኔም ልያዘው» ብላ እጇን ሰደደች። የአዱሬ አንድ እግር አመለጠኝ። ጥፍሩ የቀኝ ሌባ ጣቷ መገጣጠሚያ ላይ ጠልቆ ገባ። አላለቀሰችም እንኳ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ሳቁብኝ።

ጣቷ አበጠ። ወደ መድኃኒት ቤት ሮጥኩ፤ ሻጩ ያንኑ ሽሮፕ ሰጠኝ፤ እኔም በታዘዘው ሰዓት፣ አንድም ሳላጎድል አጠጣኋት። በሕይወቴ እንደዚያ መድኃኒት ያከበርኩበት ጊዜ የለም። እብጠቱ ግን ወደ መዳፏ ወረደ፣ ሰውነቷ ጋለ። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ።

ሐኪሟ ከደቡብ የመጣች ወጣት ናት። ጣቷን አየች፣ ብልቃጡን አየች፣ ከዚህ በፊት ልጅቷ ይህን መድኃኒት ወስዳ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«እሷ አልወሰደችም። የወሰደው አዱሬ ነው።»

«አዱሬ ወንድሟ ነው?»

በር ላይ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ሳቁ። እኔ ግን ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ነገርኳት፤ ቆርቆሮውን፣ ነስንሰን ያስላስነውን፣ ለሜሪ ነው የተባለውን። እሷ አልሳቀችም። ብዕሯን አስቀመጠች።

«እንግዲያው ለምዶታል ማለት ነው» አለች።

«አዎ፣ አሁንማ ለምዷል» አልኳት፣ «ድሮ ነበር አፉን በግድ የምንከፍተው።»

«ድመቱን ማለቴ አይደለም የኔ እናት። ተህዋሱ ነው መድኃኒቱን የለመደው። ትንሽ ቀምሶ ሲተውለት፣ ትንሽ ቀምሶ ሲተውለት፣ ያልሞተው ለመደ። እርግጡን ምርመራው ነው የሚናገረው፤ ግን የለመደው በድመቱ ጥፍር ወደ ልጅሽ የገባ ይመስለኛል።»

ለመደ። ጥጃ ይለምዳል፣ ድመት ይለምዳል፣ ሙሽራም የባሏን ቤት ትለምዳለች። በሽታ ግን ሰው ቤት ለማዳ ሆኖ፣ ከልጅ እግር ሥር ተጠቅልሎ ይተኛል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለሜሪ ነው ብለን የዋሸነውስ? ዞሮ ዞሮ ለሜሪ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል እንድደርስ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት እንደሚያስፈልጋት ነገረችኝ። ሜሪን አዝዬ በባጃጅ ስመለስ እትዬ ረሕመት ሱቃቸውን ዘግተው ግቢው በር ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። የሻሻቸውን ጫፍ ፈተው አንድ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን አጠፉልኝ።

«ለአዱሬ ብዬ ያስቀመጥኩት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ይቅርበት። እስከ ነገ ለሜሪ ማቆያ ይሁናት።»

ቀይ በጥቁሩ ፍሬ ነው። ድሮ ከሰው የተረፈ ለድመት ነበር፤ አሁን ከድመት የተረፈ ለልጄ መጣ። በፍቅር ነው ደግሞ። ቢቀልዱ ይሻለኝ ነበር። አላህ ይስጥልኝ ብዬ ገባሁ።

አልሰጠኋትም። ረጅም ሰዓት ግን መዳፌ ውስጥ ይዤው ተቀምጫለሁ፤ የጋለ ልጅ የታቀፈች እናት ታውቀዋለች።

ሆስፒታል ሰነበትን። እጇ ተረፈ። ሌባ ጣቷ ግን እንደ እንጨት ቀጥ ብላ ቀረች፤ አትታጠፍም። ጉርሻ በቀኝ አይመቻትም። ድሮ «በቀኝሽ ብይ፣ ነውር ነው» እያሉ የሚቆጧት እትዬ ረሕመት አሁን ስትበላ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ትናንት አዱሬ ጆሮው ተተልትሎ መጣ። እትዬ ረሕመት እኔን አዩኝ፣ እኔ ኦቦ ቶሎሳን አየሁ፣ እሳቸው ላማቸውን አዩ። ወደ ሐኪም እንውሰደው ያለ የለም። ቆርቆሮውን ያነሳም የለም። ሐኪሟ ለመደ ያለችው ተህዋሱን ነው፤ ለኔ ግን ስለኛ የምታወራ ይመስለኛል።

ያ ፍሬስ? መጣል ነበረብኝ። ከጨው ዕቃው ጎን፣ መደርደሪያው ላይ ነው። ትናንት እኛ ስንተያይ ሜሪ የድመቱን ጆሮ አየችና «እማ፣ ያውልሽ የአዱሬ መድኃኒት» ብላ በቀኝ እጇ ወደ መደርደሪያው አመለከተች።

ያቺ ጣት እንዴት ቀጥ ብላ እንደምታመለክት ብታዩ።