የትእዛዞች ስም አውጪዋ

የኔአለም ቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የጀሪካኗ እጀታ ላይ ቀይ ክር ትቋጥራለች። ቋጠሮውን በጥርሷ ታጠብቀዋለች። ዕቃዬ ከሰው ዕቃ ጋር ይምታታል ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው የሌለበት ግቢ ያለ አይመስለኝም። የእኔ ተከራይ ግን ከሁሉም ትብሳለች፤ ጃንጥላዋም ሳሙና ማስቀመጫዋም ክር አላቸው። ጎረቤቴ ስሜነሽ «ክብርት ባለ ክር» ትላታለች።

ሥራዋ ለአንድ ክሊኒክ የኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ ነው። ትእዛዞቹን በጥቅል በጥቅል ታደርጋቸዋለች፤ ጥቅሉን ሞጁል ትለዋለች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ግን ማወቅ እወዳለሁ። በረንዳ ላይ ስትሠራ ጥልፌን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከባልደረባዋ ከመሳፍንት ጋር በስልክ ስትከራከር ሰማሁ።

«የእኔም ትእዛዝ ስሙ "ቀጠሮ አጽዳ"፣ የአንተም "ቀጠሮ አጽዳ"» አለችው።

«ታዲያ ምን አለበት? ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስንት አበባው አለ።»

«አበባው ብለህ ስትጣራ ሁሉም ዞር ይላል። ኮምፒውተር ግን ኋላ የተጫነውን ብቻ ነው የሚያስነሳው።»

«አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ።»

ስልኩን ስትዘጋ «ፊተኛው የት ይሄዳል?» አልኳት።

«እዚያው ነው እማማ፤ ተሸፍኖ ይቀመጣል። የእኔ ያለፈውን ቀጠሮ ብቻ ያጸዳል። የመሳፍንት ለሙከራ የተጻፈ ነው፣ ሁሉንም ይጠርገዋል። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ አብረው ይጫናሉ። የእርስዎም የዓይን ቀጠሮ እዚያ ውስጥ ነው።»

አራት ወር የጠበቅኩት ቀጠሮ ነው። መርፌዬ ጨርቁ ላይ ቆመ።

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«በየስሙ ላይ የሞጁሌን ምልክት ማስገባት። ብቻዬን ስጽፍ ማን ይመጣብኛል ብዬ ባዶ ስም ሰጥቻቸው ነበር።»

ለጀሪካን ክር የምታስር ሰው ይህን መርሳቷ ገረመኝ።

ስሞቹ አርባ ሰባት ነበሩ። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ «በዚህ ስም የሚጠራ አለ?» ብላ ኮምፒውተሩን ትጠይቃለች፤ ከሌለ ትሰይማለች፤ ከዚያ አሮጌው ስም የተጻፈበትን ቦታ ሁሉ እየፈለገች ትለውጣለች። የደብራችን ቄስ የክርስትና ስም ሲያወጡ እንኳ እንዲህ አይጨነቁም። በእኔ ማኅበር ብቻ አራት ወለተ ኪዳን አለን።

የዚያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አወቀ የሚባል ደላላ መናኸሪያ አጠገብ የሚከራይ ቤት ሊያሳያት ቀጥሯት ነበር። ለሥራዋ ይቀርባል፣ መብራትም ቶሎ አይጠፋበትም አሉ። ሰዓቱን አውቀው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ሻይ አፍልቼ አቀረብኩላት። እሷ ሠላሳ አንደኛው ስም ላይ ነበረች፤ ቀና ሳትል ጠጣች። ስትጨርስ መሽቶ ነበር።

ሰኞ ስሜ ከነሰዓቱ ዝርዝሩ ላይ ተገኘ፤ ዓይኔም ታየ።

ያንን ቤት ግን እስካሁን ሄዳ አላየችውም። እኔም አላስታወስኳትም።