የባትሪዬን ጉልበት ማን ጠጣው?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያለው ሰው ምን ተወስዶበት እንደነበር ማንም አልነገረንም። እኔ ስገምት ግን መኪና የነበረው ሰው ነው። መኪና የሌለው ቢጠረጥር ቢጠረጥር ጎረቤቱን፣ አማቱንና መንግሥትን ነው፤ በዚያው ያበቃል። ባለ መኪና ግን ባትሪውን ይጠረጥራል፣ ዲናሞውን ይጠረጥራል፣ ባትሪ የሸጠለትን ይጠረጥራል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በተቸገረ ቁጥር ፈጥኖ የሚደርስለትን ሰው ይጠረጥራል። አትፍረዱብኝ። እናንተም ብትሆኑ፣ ሳትጠሩት ሦስት ጊዜ ገመድ ይዞ ከተፍ የሚል ሰው አታምኑም።

ነገሩ የሆነው ኮሮና ላስ ቬጋስን መብራቷን አጥፍቶ ባስተኛት ዓመት ነው። እኔ የምሠራው ኖርዝ ላስ ቬጋስ፣ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት መጋዘን ውስጥ ነበር። ሆቴል ሲዘጋ አንሶላ አይቆሽሽም፤ አንሶላ ካልቆሸሸ ደግሞ እኔን የሚፈልገኝ የለም። ስለዚህ ሜሪላንድ ፓርክዌይ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለው አፓርታማችን ሶፋ ላይ ተዘርፍጬ፣ ባለቤቴን አስካለን ወጥ እንዴት እንደሚሠራ ሳስተምራት ከረምኩ። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራችውን ወጥ! እሷም «እሺ» እያለች ሽንኩርቷን ትከትፋለች። እሺታዋን ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

በሰኔ መጀመሪያ አለቃዬ ደወለ። «ከዛሬ ጀምሮ ስልክህን ከእጅህ አትለይ። ጠዋትም ይሁን ከሰዓት ልንጠራህ እንችላለን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልደረስክ የሚቀጥለውን ስም እንጠራለን፤ ያንተ ስም ከዝርዝሩ ግርጌ ይገባል» አለኝ። ዝርዝሩን አይቼዋለሁ፤ ቢዘረጋ ከቬጋስ ሎስ አንጀለስ ይደርሳል። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ከዚያ ግርጌ ከገባሁ የሚያወጣኝ መልአከ ሞት ብቻ ነው። አውቶቡስ እንዳልይዝ፣ ሰው እየቀነሰ በሚጭንበት በዚያ ወቅት ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ መድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ተስፋዬ ሁሉ አሮጊቷ መኪናዬ ላይ ወደቀ።

በማግስቱ ቁልፉን ስጠመዝዝ «ጠቅ» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ወዲያው ከኋላዬ «ጋሼ፣ ጃምፕ ላድርግልዎት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወንድም ዳንኤል ነው፤ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ታክሲ የሚነዳ፣ በወንጌል ቤተ ክርስቲያኑ የሚያገለግል ጎልማሳ። የማስነሻ ገመዱን እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ሞተሩን አስነሣልኝና፣ «ጋሼ፣ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስልክ የምንገናኝበት ጸሎት አለን፤ አንድ ቀን ቢገቡ» አለኝ። እኔ ታቦት ሳሚ ነኝ፤ አመስግኜ ሸኘሁት። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን አዲሱም ሞተ። ዳንኤል ገመዱን ይዞ መጣ፤ ጸሎቱንም ይዞ መጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ እንዲሁ።

ይኼኔ ነገሩ በራልኝ። መኪናዬን የሚገድላት ይህ ሰው ነው! ገድሎ ያስነሣታል፣ አስነሥቶ ይሰብከኛል። ስንት ነፍስ በቃል ሲማረክ ሰምቻለሁ፤ በባትሪ ሲማረክ ግን የእኔ የመጀመሪያው ሊሆን ነው።

ፊት ለፊት ልይዘው ቆረጥኩና፣ «ና እስቲ፣ በሽታዋን አብረን እንፈልግ» አልኩት። መኪናዋን አስነሥተን ኮፈኑን ከፈትን። እኔ በወጣትነቴ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ስውል የተማርኩት አንድ ምርመራ አለ፤ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ትነቅላለህ፤ ከጠፋች ዲናሞው ሞቷል፣ ካልጠፋች ደኅና ነው። ይህን ዘዴ የማያውቅ የእኔ ዘመን ሰው የለም። እጄን ስዘረጋ ዳንኤል ጮኸ።

«ኧረ ጋሼ፣ እጅዎን! ይቺ እኮ ሆዷ ሁሉ ኮምፒውተር ነው። ገመዱን ዛሬ ከነቀሉት ነገ የሚገዙት መኪና ነው!»

የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን ከኪሱ አወጣና ሁለቱን ሽቦዎች ባትሪው ላይ አሳረፈ። አሥራ አራት ቮልት አለ። «ዲናሞው እየሞላ ነው። ከአሥራ ሦስት በታች ቢቆም ኖሮ እሱን እንጠረጥር ነበር። ባትሪውም አዲስ ነው። እንግዲህ ቆማ ሳለች የሚጠጣት ነገር አለ ማለት ነው።»

«ወይም የሚጠጣት ሰው» አልኩ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

ዳንኤል አንገቱን ወደ መኪናዋ ውስጥ አስገባ። የስልክ ቻርጀር ተሰክቷል፤ የማቀዝቀዣው ፋን መዘውር እስከ መጨረሻው ተጠምዝዟል። ቀና ሲል ጆሮው በርበሬ መስሏል። «የ... የቻርጀሩ ገመድ ነው ጋሼ።»

«ስልክ የሌለበት ባዶ ገመድ ባትሪ ይገድላል?»

«አንዳንድ ጊዜ» አለና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። አማኝ ሰው ሲዋሽ ያስታውቃል፤ ልምዱ የለውማ!

በማግስቱ ዘበኛ ሆንኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ፣ የጎረቤት መስኮት እስኪርገበገብ ድረስ የውሸት አንኮራፋሁ። አስካለ በእግሯ ጫፍ ተራመደች። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት «እግሬን ላፍታታ፣ ዎክ ልሂድ» እያለች ትወጣለች። እንሽላሊት እንኳ ጫማ አውሱኝ በምትልበት ሙቀት ማን ዎክ ያደርጋል? እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም፤ አያችሁ፣ የሩቁን ስጠረጥር የቅርቡን ረሳሁት። የመኪናውን ቁልፍ ከተሰቀለበት አነሣች።

ተከትያት ወረድኩ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጣለች። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ብቻ ጠምዝዛዋለች፤ ሞተሩ አልተነሣም፤ ፋኑ ግን እንደ ማዕበል ይጮኻል። ስልኳ መሪው ላይ ተደግፎ ቻርጅ እያደረገ ነው። በስልኩ ውስጥ ደርዘን የሚሆኑ እናቶች በየጓዳቸው ይታያሉ፤ መካከላቸው ወንድም ዳንኤል። ለካ ትናንት የተደናገጠው፣ ከእህት አስካለ ጀርባ በየቀኑ የሚያየው ወንበር የእኔ መኪና ወንበር መሆኑን አውቆ ኖሯል! መስኮቱ ጣት ያህል ተከፍቷል። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ሰውዬ ሥራውን መልስለት» ትላለች ባለቤቴ፣ ዓይኗን ጨፍና። ሆዴ ባባ። «ጌታ ሆይ፣ ከሶፋው አንሣው። ሽንኩርት ስከትፍ ከኋላዬ ቆሞ ‹ደቀቅ ይበል› ይለኛል፤ አንተ ታያለህ። በዚህ ሳምንት ካልጠሩት ከሁለት አንዳችን ወደ አንተ መምጣታችን ነው።»

«አሜን! ከሶፋው አንሣው!» አሉ እናቶቹ በአንድ ድምፅ።

በዚያች ቅጽበት ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነው። «የከሰዓቱ ሺፍት ላይ ሰው ጎድሏል። አንድ ሰዓት አለህ።»

በሩን በርግጄ ከፈትኩ። አስካለ ጋኔን ያየች ያህል ዘለለች። ቦታዋ ላይ ተቀምጬ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ጠቅ። ሥራዬን ያስመለሰልኝ ጸሎት የምሄድበትን ባትሪ እስከ አተላው ጨልጦታል። ተያየን። ሠላሳ አራት ዓመት ስንኖር እንደዚያ ተያይተን አናውቅም።

«ጋሼ» አለ ከስልኩ ውስጥ የዳንኤል ድምፅ፣ «ገመዱን ይዤ እየወረድኩ ነው።»

ደረስኩ። አራት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ፤ በመንገዴ ያስቀየምኩትን ሾፌር ሁሉ እግዜር ይካሰው። ስሜም ከነበረበት ሳይነቃነቅ ቀረ።

አስካለ አሁን የምትጸልየው ሳሎን ነው፤ በግልጽ፣ ቤቱ ሁሉ የእሷ ሆኖ። ባትሪው ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልሞተም። እኔን ግን ሌላ ነገር እያሳሰበኝ ነው። ሆቴሎቹ ተከፍተው በዓመቱ ሰው እንደ አንበጣ ሲጎርፍ ኦቨርታይም በላይ በላዩ መጣ፤ አምስት ቀን ስድስት ሆነ። «አስካለ፣ ያ ጸሎት እኮ ተመልሷል፤ አሁንማ ተዪው» አልኳት።

«የምስጋናው ነው የቀረን» አለችኝ።

ባለፈው እሑድ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ከመጋዘኑ ደወሉልኝ፤ ሰው ጎድሏል፣ ድረስ አሉኝ። ጫማዬን እየጎተትኩ ኩሽና ብገባ፣ ምሳዬ ተቋጥሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ዳበስኩት። ቀዝቅዟል። ከተቋጠረ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሆኖታል፤ ስልኩ ከጮኸ ግን ገና አምስት ደቂቃው ነው።