የግራ እግር ምስክር

[ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ቦታው ንፋስ መውጫ፣ ይስማው ከተከራያት ክፍል በረንዳ ላይ ነው። ይስማው በስልክ ዕቃ የሚያወድስ ወጣት ነው፤ ባለ ዕቃዎቹ በነጻ ይልኩለታል፣ እሱም ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል። አሥራ አንድ ሺህ ተከታይ አለው፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል። ሞላ የአክስቱ ልጅ ነው፤ በወገዳ መንገድ ገብስ አራሽ፣ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ነገር ቀስ ብሎ የሚገባው ሰው ነው ይባላል። እንዲህ የሚለው በተለይ ይስማው ነው። የሞላ መንደር ሰው ክረምቱ ሳይገባ ቦቲ ጫማ ሊገዛ አስቧል፤ ሞላም ስለዚሁ ጉዳይ ተልኮ ገና መምጣቱ ነው።

ይስማው በግራ እግሩ አዲስ ጥቁር ቦቲ፣ በቀኙ የቤት ነጠላ ጫማ አድርጎ ቆሟል። ስልኩ ከባሕር ዛፍ እንጨት ጋር ታስሯል። ሞላ በረባሶውን እንዳደረገ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ኬሻውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ የይስማውን እግር አፍጥጦ ያያል።]

ሞላ፦ አንድ ነው እኮ የምልህ!

ይስማው፦ ጫማ ነው እኮ የምልህ!

ሞላ፦ ጫማ ሁለት ነው። ይኸ የጫማ ግማሽ ነው።

ይስማው፦ አያ ሞላ፣ ድርጅቱ ግራውን አስቀድሞ ነው የላከልኝ። ቪዲዮውን ስለቅ ቀኙ ይመጣል። አሠራሩ ነው!

ሞላ፦ ቪዲዮው ደስ ካላላቸውስ?

ይስማው፦ ቀኙ ይቀራል።

ሞላ፦ እንግዲያ ቀኝ እግርህን በመያዣ ወስደውታላ።

ይስማው፦ መያዣ አይደለም፤ መተማመን ነው!

ሞላ፦ ከተማመናችሁ ለምን ሁለቱን ባንዴ አልላኩም?

ይስማው፦ [ጉሮሮውን ይጠርጋል] ይኼ የዲጂታል ነገር ነው። ላንተ አይገባህም።

ሞላ፦ እውነትክን ነው፣ አልገባኝም። [ትንሽ ያስባል] እሺ፣ አሁን ምን ልትሠራ ነው?

ይስማው፦ ሪቪው ነዋ! ዕቃውን ሞክሬ፣ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ብዬ ለሕዝብ እመሰክራለሁ።

ሞላ፦ መጥፎ ነው ብለህ ታውቃለህ?

ይስማው፦ መጥፎ ዕቃ ልከውልኝ አያውቁም።

ሞላ፦ እንዴት ያለ ዕድል ነው! መጥፎውን ሁሉ ለካ ለኛ ነው የሚሸጡልን።

ይስማው፦ አንተ እያሾፍክ ነው?

ሞላ፦ ኧረ እኔ የት አውቄ። እና ሞከርከው ቦቲውን?

ይስማው፦ ሁለት ሳምንት ሙሉ!

ሞላ፦ ጭቃ ገባህበት?

ይስማው፦ ጭቃ? በአዲስ ቦቲ?

ሞላ፦ ውሃስ?

ይስማው፦ አልጋ ሥር ነው የኖረው። እየው እስኪ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ!

ሞላ፦ በል እዚያች ቦይ ውስጥ አንዴ ግባባትና እንየው።

ይስማው፦ [ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል] አላደርገውም! ቢያፈስስ?

ሞላ፦ ካፈሰሰማ ማፍሰሱን ታውቃለህ።

ይስማው፦ እኮ! አንዴ ካወቅሁ በኋላ እንዴት አድርጌ ጥሩ ነው እላለሁ? እኔ ዋሾ አይደለሁም! ውሃ ካላስነካሁት ግን ማፍሰሱን አላውቅም፤ ካላወቅሁ ደግሞ አልዋሸሁም። ሕሊናዬ ንጹሕ ነው።

ሞላ፦ እሱንም አልጋ ሥር ነው የምታስቀምጠው?

ይስማው፦ ምኑን?

ሞላ፦ ሕሊናህን። ብዙ ያልተነካ ይመስላል ብዬ ነው።

[ነፋስ መጥቶ እንጨቱን ከነስልኩ ይገፋዋል። ይስማው በአንድ ቦቲና በአንድ ነጠላ ጫማ እያነከሰ ሮጦ መሬት ሳይደርስ ይይዘዋል። በሕይወቱ እንዲህ የሚሮጥለት ሌላ ነገር የለውም።]

ሞላ፦ እኛ በሬ ስንገዛ ጠምደን፣ ሁለት ሦስት ትልም አርሰንበት ነው።

ይስማው፦ በሬና ቦቲ ምን አገናኛቸው?

ሞላ፦ ሁለቱም ጭቃ ውስጥ ነው የሚታወቁ።

ይስማው፦ ስማ፣ ማወደስ እኮ እኔ አልጀመርኩትም። አዝማሪ ሰርግ ላይ ሰው አያወድስም? ለዚያውም ተከፍሎት! ማን ነው ዋሾ ያለው?

ሞላ፦ አዝማሪማ ብሩ ግንባሩ ላይ ነው የሚለጠፍለት። ሰርገኛው ሁሉ እያየ! «አንበሳው!» ሲል፣ የመቶ ብር አንበሳ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። [የይስማውን ግንባር ቀና ብሎ ያያል] ያንተ ግንባር ግን ባዶ ነው።

ይስማው፦ [ሳያውቀው ግንባሩን ይዳብሳል] ተወኝ እስቲ። እንዲያውም ደህና መጣህ፤ ገበሬ ያስፈልገኝ ነበር። በል ይኼን ቦቲ አድርግና ስልኩ ፊት ቁም። የምትለው ይኸው ነው፤ «እኔ ሞላ እባላለሁ። ይህን ቦቲ ሦስት ክረምት አድርጌዋለሁ። እግሬ ረጥቦ አያውቅም።» በቃ።

ሞላ፦ [ግራውን በረባሶ አውልቆ ይስማው ያወለቀለትን ቦቲ ያጠልቃል፤ ይቆማል፤ እንደ ዳዊት ደጋሚ ድምፁን ያስተካክላል] እኔ ሞላ እባላለሁ። ይህን ቦቲ ሦስት ክረምት አድርጌዋለሁ። ይስማው፣ ይኸ ቦቲ መቼ ነው የወጣው?

ይስማው፦ በሚያዝያ! አታቋርጥ!

ሞላ፦ ሦስቱም ክረምት ከሚያዝያ ወዲህ ነው?

ይስማው፦ ክረምቱን ተወው! «እግሬ ረጥቦ አያውቅም» ብቻ በል።

ሞላ፦ ግራ እግሬ ረጥቦ አያውቅም። የቀኙን ድርጅቱ ይጨምርበታል።

ይስማው፦ ኧረ በእግዚአብሔር! ግራ ቀኝ ሳትል ተናገር!

ሞላ፦ እሺ። መሐላውስ?

ይስማው፦ የምን መሐላ?

ሞላ፦ ምስክር ሳይምል ይናገራል እንዴ? በየትኛው ታቦት ልማል?

ይስማው፦ ቲክቶክ ላይ መሐላ የለም!

ሞላ፦ አሃ። ለዚህ ነዋ።

ይስማው፦ [ስልኩን ያጠፋል፤ ትዕግሥቱ አልቋል] ለመሆኑ አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?

ሞላ፦ ሰንበቴው ልኮኝ። ስለዚሁ ቦቲ።

ይስማው፦ [ፊቱ ይፈካል] ስለዚሁ ቦቲ? የኔን ቃል ፈልገው?

ሞላ፦ ያንተን ቃል አስበው ነው።

ይስማው፦ አየህ! ተሰሚነት ማለት ይኼ ነው! ነቢይ በአገሩ አይከበርም ያለው ማን ነበር? በል ንገራቸው፤ ይስማው ጥሩ ነው ብሏል በላቸው!

ሞላ፦ ይኸንኑ ነው የፈሩት።

ይስማው፦ ምኑን?

ሞላ፦ ጥሩ ነው እንዳትል። ለምነህ አስተወው ብለው ነው የላኩኝ።

[ይስማው ከስልኩ ራቅ ብሎ ወደ ሞላ ይጠጋል።]

ሞላ፦ አምና ያመሰገንካት የፀሐይ መብራት ትዝ ትልሃለች? አንተን አምነን መንደሩ ሁሉ ገዛ። ጥሩ ታበራለች። በቀን። ፀሐይ ስትገባ እሷም ከዶሮዎቹ ጋር ትተኛለች። ከዚያ ወዲህ ይስማው ያመሰገነው ዕቃ ከደጃችን አይገባም ተባለ። እማማ ሐረገ ወይን እንዲያውም ወተት የነሳቻቸውን ላም «ይስማው ያመሰገናት» እያሉ ነው የሚጠሯት።

ይስማው፦ ላሟን?

ሞላ፦ ትሰማለች። ስትጠራ ዞር ትላለች።

[ይስማው በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይላል። በስልክ ስንት ሰው ሲሰድበው አንድም ቀን አሞት አያውቅም፤ የእማማ ሐረገ ወይን ላም ግን አመመችው። እማማ ሐረገ ወይን በልጅነቱ የጠላ እንኩሮ ያቀመሱት ሴት ናቸው።]

ይስማው፦ [ቀስ ብሎ] መብራቷን እኮ እኔም ማታ አብርቼ አላየኋትም ነበር።

ሞላ፦ እሱን አውቀናል።

ይስማው፦ እና ቦቲውን እንዳትገዙት ፈለጋችሁ?

ሞላ፦ ልንገዛው ነው እንጂ! ደህና ቦቲ ነው። አምና ጎረቤቴ ምስጋናው እግሩ በጭቃ ተልጦ ሐምሌን ሙሉ ሞፈር ሳይጨብጥ ቀረ፤ ማሳው ጦም አደረ። ዘንድሮ አርባ አባወራ ለመግዛት ተስማምቷል። አንተ አመስግነኸው የሰሙ ቀን ግን አንድም ሰው አይቀርም፣ ሁሉም ይሸሻል።

ይስማው፦ ደህና መሆኑን በምን አወቃችሁ?

[ሞላ ኬሻውን ይፈታል። እጁን ከቶ፣ እስከ አፉ ጭቃ የለበሰ ጥቁር ቦቲ ያወጣል። የቀኝ እግር ነው።]

ይስማው፦ ቀኙ! የኔ ቀኝ!

ሞላ፦ የኔ ቀኝ ነው። ወገዳ ገበያ ላይ የድርጅቱ ሰው ሰጠኝ። አንተ የሰንበቴው ሙሴ ነህ፣ መሪ ነህ፣ ማኅበርተኛው ይሰማሃል፤ አወድስልንና ግራው ይመጣልሃል አለኝ።

ይስማው፦ አንተም ኢንፍሉዌንሰር ነህ እንዴ!

ሞላ፦ ኧረ ስም አታውጣልኝ። ሰንበቴው ዕለት ጸሎቱ ሲያልቅ መካከል አስቀመጥኩትና «ይኸን በነጻ ሰጥተውኛል። አወድስ ብለውኛል። እኔን አትመኑ፣ ቦቲውን ሞክሩት» አልኳቸው። በተራ አደረግነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያገሩ ሰው በቀኝ እግሩ ብቻ ከበርቴ ሆነ። መጨረሻ ላይ ውስጡን አመድ ሞልተን፣ አፉን አስረን፣ ወንዝ ውስጥ አሳደርነው። ጧት ስንፈታው አመዱ እንደ ደረቀ ነው።

ይስማው፦ ታዲያ ግራው ለምን አልመጣልህም?

ሞላ፦ «በነጻ መስጠታችንን ለምን አወራህ?» ብሎ ተቆጣና ከለከለኝ።

ይስማው፦ ቆይ፣ ቆይ። ይኼን ሁሉ እያወቅህ ነው ጭቃ ገባህበት፣ ውሃ ነካኸው እያልክ ስታደርቀኝ የቆየኸው?

ሞላ፦ እውነቱን ትነግረኝ እንደሆን ብዬ ዳር ዳር አልኩ። እኔ መቼም ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ።

[ይስማው አንገቱን ይደፋል። አፍሯል፤ ማፈሩንም አልደበቀም።]

ይስማው፦ በቃ ዝም ልበል?

ሞላ፦ ዝም ማለትም ደግ ነው። መናገር ካማረህ ግን እንደ አዝማሪው ተናገር።

[ሞላ ከግራው ቦቲ ላይ የተንጠለጠለችውን የድርጅቱን ወረቀት በጥሶ፣ በፕላስተር የይስማው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ይስማው ሊነቅላት እጁን ያነሣል፤ ላሟ ትዝ ትለዋለች፤ ይተዋታል። ስልኩን ያበራል።]

ይስማው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ይስማው ነኝ። ግንባሬ ላይ እንደምታዩት ይኼን ግራ ቦቲ በነጻ ሰጥተውኛል። ሁለት ሳምንት አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ስለ አልጋ ሥር ከጠየቃችሁኝ ጎበዝ ቦቲ ነው። ስለ ጭቃ አላውቅም። አያ ሞላ ያውቃል፤ እሱም በነጻ ነው ያገኘው፣ ግን ወንዝ ውስጥ አሳድሮታል። እ... ስለ መብራቷ ደግሞ ይቅርታ። [ያጠፋል] ይኸው፣ ቀኙ ቀረ። አንድ ግራ ቦቲ ታቅፌ ልክረም?

ሞላ፦ እኔስ አንድ ቀኝ? እንቀናጅ እንጂ!

ይስማው፦ እንዴት ያለ መቀናጆ?

ሞላ፦ አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጋር አቀናጅቶ፣ በጥንዱ በተራ ያርስ የለም? ያንተ ግራ፣ የኔ ቀኝ። ጥንድ ሆነ። ተራ እናውጣ።

ይስማው፦ [ወዲያው ነፍስ ይዘራል፤ ክርክር ሲሸተው ሐዘን አይበረክትለትም] ስንት ቀን ለኔ?

ሞላ፦ አንተ ከተሜ ነህ፤ በወር ሦስት ቀን አይበቃህም? ወር በገባ በአምስት፣ በሰባት፣ በአሥራ ሁለት ውሰድ።

ይስማው፦ [ስልኩ ላይ እየጻፈ] ሦስት ቀን! ልጅ መሰልኩህ? ጨምር!

ሞላ፦ [በረዥሙ ተንፍሶ] እሺ፣ አሥራ ስድስት።

ይስማው፦ ጨምር!

ሞላ፦ አሥራ ዘጠኝ። ሃያ አንድ። ኧረ ጎዳኸኝ!

ይስማው፦ ጨምር ብያለሁ!

ሞላ፦ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ዘጠኝ። ከዚህ በላይ ልጆቼ ጦም ያድራሉ።

ይስማው፦ እሑድስ?

ሞላ፦ እሑድንም? [ራሱን ይነቀንቃል] ምን አደርጋለሁ፣ ዘመድ ነህ። ውሰዳት።

ይስማው፦ ተስማማን! [ለራሱ፣ እየሳቀ] ገበሬ ተደራድሮ ከኔ ጋር!

[ሞላ ቀኙንም ያጠልቃል። በረባሶውን ኬሻው ውስጥ ከቶ ይነሣል። ቦዩን አይዘልም፤ መካከል ለመካከል ገብቶ፣ ውሃውን እያንቦጫረቀ ይሻገራል። ይስማው ግንባሩ ላይ ወረቀቷ እንደተለጠፈች፣ የጻፈውን ቀን በጣቱ እየቆጠረ ማንበብ ይጀምራል።]

ይስማው፦ አምስት... አቦ። ሰባት... ሥላሴ። አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ አሥራ ዘጠኝ ገብር... አያ ሞላ! አያ ሞላ! ይኼ ሁሉ በዓል ነው እኮ! በበዓል ምን ልሠራበት ነው?

ሞላ፦ [ከቦዩ ማዶ፣ ሳይዞር] ምን ቸገረህ? በበዓል የተከለከለ እርሻ ነው፤ ወሬ መች ተከለከለ!