ብርድ የመታው ተርባይን

(የጄት ሞተር መፈተሻ ክፍል። ከወፍራሙ መስታወት ወዲያ ሞተሩ ያጓራል። «ሊቁ» የሚሉት ወጣት መሐንዲስ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። «ኤሊ» የሚሉት አንጋፋ መካኒክ አጠገቡ ቆሟል።)

ሊቁ፦ አይሆንም ብያለሁ አይሆንም! ሞተሩ ይፈታል!

ኤሊ፦ ወር ሙሉ የገጠምኩትን? ከነገ ወዲያ ልጄን እድራለሁ እኮ! ይሄ ከተፈታ ፈቃዴ ቀረ ማለት ነው።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ሰርጉ ይቆይ! ይሄ ሞተሩ ጎን ላይ የተተከለው ካሜራ የሚያየው ሙቀት ነው። ይኸው፣ የተርባይኑ ምላጭ ላይ ጥቁር ነጥብ! ጥቁር ማለት ቀዝቃዛ ነው።

ኤሊ፦ የትኛው ምላጭ ላይ?

ሊቁ፦ ሁሉም ላይ! ስልሳ ስምንቱም!

ኤሊ፦ (አገጩን እያከከ) አንድ ቦታ ላይ?

ሊቁ፦ እዚያው! ወረርሽኝ ነው!

ኤሊ፦ እኔ መቼም ነገር ቶሎ አይገባኝም። ምላጮቹ ይሽከረከራሉ አይደል?

ሊቁ፦ በደቂቃ አሥር ሺህ ጊዜ! ኤሊ ያሉዎት እኮ በከንቱ አይደለም!

ኤሊ፦ ነጥቡስ?

ሊቁ፦ ንቅንቅ አይልም።

ኤሊ፦ እሺ፤ ስልሳ ስምንት ሰው በበሩ ሲያልፍ ሁሉም አፍንጫው ላይ ጥላሸት ቢታይህ፣ ሰዉን ታጥባለህ ወይስ መነጽርህን ትወለውላለህ?

ሊቁ፦ የካሜራው መስታወት አይቆሽሽም! ጥላሸቱን እፍ የሚልለት የአየር ቧንቧ አለው። መመሪያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ!

ኤሊ፦ አየሩ ተከፍቷል?

ሊቁ፦ ዘጋሁት።

ኤሊ፦ ምነው?

ሊቁ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ቀዝቃዛ አየር ነዋ... ምላጮቹን እንዳያበርዳቸው ብዬ።

ኤሊ፦ ሺህ ዲግሪ እሳት ውስጥ ያሉትን?

(ኤሊ አየሩን ይከፍተዋል። ጥቂት ቆይቶ ነጥቡ ከስክሪኑ ላይ ብን ብሎ ይጠፋል።)

ሊቁ፦ ወይኔ ጉዴ! ጋሼ፣ ለአለቃ ደውዬ «ሁሉም ምላጮች ታመዋል» ብያለሁ። እየመጡ ነው! ምን ልበላቸው?

ኤሊ፦ (ኮቱን እየለበሰ) «ብርድ መቷቸው ነበር፤ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸውና ተሻላቸው» በላቸው። እኔ ልጄን ልድር ሄጃለሁ።