የመሪጌታ ረዳት

(አማኑኤል ከተማ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ። የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ቀን ነው፤ ገና ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። የምርጫ ጣቢያው በር አልተከፈተም። ከበሩ ፊት ለፊት ሰው ሳይሆን ድንጋይ፣ ጀሪካንና አንድ እግሩ የተሰበረ ዱካ ተሰልፈዋል፤ ባለቤቶቻቸው ከግንቡ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንቀላፋሉ። ዓይነ ስውሩ የድጓ መምህር መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልና ጎረቤታቸው ባለሱቁ ያሕያ ይጨቃጨቃሉ።)

መሪጌታ፦ የእኔ ድንጋይ ከአንተ ድንጋይ ኋላ የተቀመጠው በምን ሕግ ነው?

ያሕያ፦ የኔታ ደግሞ! ድንጋይ ምን ፊትና ኋላ አለው?

መሪጌታ፦ አለው እንጂ። በምርኩዜ ነካክቼዋለሁ። ያንተው በሬ የሚያህል ቋጥኝ ነው፤ የእኔ ጠጠር ናት። ዶሮ መጥታ ብትጭር ወረፋዬ ሄደ።

ያሕያ፦ እኔ እኮ ረዳትዎ ነኝ። ረዳት ከፊት ይሄዳል፣ ተረጂ ይከተላል። የመራጭ ረዳቶች ሥልጠና ላይ ተምረነዋል።

መሪጌታ፦ የስንት ቀን ሥልጠና?

ያሕያ፦ የግማሽ ቀን። ግን እኔ ለሻይ ዕረፍት እንኳን አልወጣሁም።

መሪጌታ፦ አንተ ሻይ ስላልጠጣህ ነው እኔ ዶሮ ሳይጮኽ የምቀሰቀሰው?

ያሕያ፦ በጠዋት ከመጣን ቶሎ እንገላገላለን ብዬ ነዋ! ዛሬ ገበያ ነው የኔታ። ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄን ካልከፈትኩ ገበሬው ጨውና ሳሙናውን ከሰልማ ሱቅ ገዝቶ ይሄዳል። ባለፈው ሐሙስ እኮ እዚሁ ድረስ መጥቼ "ድምፄን አሁኑኑ ተቀበሉኝና የምርጫው ቀን ሥራዬን ልሥራ" ብያቸው ነበር።

መሪጌታ፦ ምን አሉህ?

ያሕያ፦ ሳቁብኝ። ሳጥኑ ራሱ ገና አልመጣም ነበር።

መሪጌታ፦ እንግዲያ ዛሬ እኔን ጎትተህ ያመጣኸኝ ለእኔ አዝነህ ነው ወይስ ለሳሙናህ?

ያሕያ፦ ለሁለታችንም! (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ይስሙኝማ። አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር፣ አካል ጉዳተኛ ወረፋ አይጠብቅም፤ በቀጥታ ይገባል። እርስዎ ደግሞ አረጋዊም ነዎት፣ ዓይነ ስውርም ነዎት።

መሪጌታ፦ ነፍሰ ጡርም ነዎት እንዳትለኝ ብቻ።

ያሕያ፦ ሁለቱ ይበቃል። እርስዎ ሲገቡ እኔም ክንድዎን ይዤ እገባለሁ። የእርስዎን ምልክት አደርግልዎታለሁ፤ በዚያው የእኔንም ጣል አድርጌ እወጣለሁ።

መሪጌታ፦ ወረፋ የማልጠብቅ ከሆነ ታዲያ ይህን ሁሉ ድንጋይ ምን አሸከመህ?

ያሕያ፦ ለመተማመኛ ነው። ይልቅ ካርድዎን ይስጡኝ፤ እኔ ልያዝልዎት።

መሪጌታ፦ ካርዴ ኪሴ ውስጥ ምን ሆነ? ኪሴ ዓይነ ስውር አይደለም።

ያሕያ፦ እሺ ይያዙት። ደረጃውስ? በሩ ጋ ሦስት ደረጃ አለ። አዝልዎታለሁ፤ ሥልጠና ላይ "ተደራሽነት" ብለውናል።

መሪጌታ፦ ያሕያ፣ የጠፋው ዓይኔ ነው። እግሬ ባለፈው ጥምቀት ስወርብ አንተን ያደከመህ ያው እግር ነው። እሺ፤ ገባን እንበል። ከዚያስ?

ያሕያ፦ ወረቀቱን ይቀበላሉ፣ ከመጋረጃው ኋላ እንሄዳለን፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ፣ እርስዎ ይቆማሉ።

መሪጌታ፦ እቆማለሁ።

ያሕያ፦ ቀጥ ብለው።

መሪጌታ፦ ለመቆም ነው እንዴ ከአልጋዬ የተነሣሁት? ማንን እንደምመርጥ አትጠይቀኝም?

ያሕያ፦ ባለፈው ጊዜ ጠየቅኩዎት?

መሪጌታ፦ አልጠየቅኸኝማ! ነገሩ እሱ ላይ አይደል? ስንወጣ "ማንን መረጥክልኝ?" ብልህ ምን አልከኝ?

ያሕያ፦ "የሚሻለውን።"

መሪጌታ፦ የሚሻለውን! ይኸው አምስት ዓመት ሙሉ የሚሻለው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ኖርኩ። ቦኖው ሲደርቅ ሰው ሁሉ የመረጠውን ሰው ይረግማል፤ እኔ ማንን ልርገም? ሊቀ መንበሩ መንገድ ላይ "የኔታ እንዴት አደሩ?" ሲለኝ፣ እኔ ያስቀመጥኩት ይሁን ወይ እኔ የጣልኩት ይሁን አላውቅም። ግማሹን መርቄ፣ ግማሹን አኩርፌ አልፋለሁ።

ያሕያ፦ እንዲያው ነገር ሲያካብዱ!

መሪጌታ፦ አላካበድኩም። ስማኝ ያሕያ፣ አፍሬያለሁ። ስንቱን ደቀ መዝሙር ድጓ አስተምሬ የሸኘሁ ሰውዬ የገዛ ድምፄን እንደ ሕፃን በሰው እጅ ጎረስኩ። ዛሬ ግን ራሴ ነኝ የምመርጠው።

ያሕያ፦ በሠላሳ ዓመት ጉርብትና መካከል ምን ምስጢር አለ የኔታ? ደግሞስ በምንዎ ያነቡታል?

መሪጌታ፦ (ከጋቢያቸው ሥር አንድ ቁራጭ ብራና አውጥተው) በዚህ።

ያሕያ፦ ይሄ ምንድን ነው? ክታብ ነው? ክታብ ይዞ መግባት የሚከለከል ይመስለኛል።

መሪጌታ፦ ክታብ አይደለም። አካለ ወልድ የሠራልኝ ነው፣ ቁም ጸሐፊው። እሱ መጽሐፍ ሲጽፍ መስመሩ እንዳይጣመምበት ብራናውን ዳር ዳሩን በወስፌ ይወጋል አይደል? ቀበሌው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈው የናሙና ወረቀት ልክ ቆርጦ፣ በየዕጩው ስም አንጻር ወግቶ፣ ምልክት የሚደረግበትን ቦታ መስኮት አወጣልኝ። ጫፉን ከጫፉ አገጣጥሜ ቀዳዳውን በጣቴ እቆጥራለሁ።

ያሕያ፦ ስንተኛው ማን እንደሆነስ በምን ያውቃሉ?

መሪጌታ፦ በቃሌ ይዤዋለሁ። ድጓ በቃሉ የያዘ ሰው ሰባት ዕጩ ያቅተዋል? በዚያ ላይ ስማቸውን ሦስት ሰው ለየብቻ አስነብቤያለሁ።

ያሕያ፦ ሦስት ምን ያደርጋል? አንድ አይበቃም?

መሪጌታ፦ አንዱ አንተን የመሰለ ቢሆንስ?

ያሕያ፦ (ተቆጥቶ) ይሁን! ግን ሕግ አለ። ብራና ይፈቀዳል ሲባል ሥልጠና ላይ አልሰማሁም።

መሪጌታ፦ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል ሲሉ ሰማሁ። እስቲ አንብብልኝ፤ የተከለከለ ከሆነ ይነግረናል።

ያሕያ፦ (ወደ በሩ ጠጋ ይላል፣ ራቅ ይላል፣ እንደገና ጠጋ ይላል) እ... "ውድ መራጮች!"

መሪጌታ፦ ጎሽ።

ያሕያ፦ "ማየት የተሳናቸው መራጮች ከረዳታቸው ጋር ይገባሉ። ረዳቱ ሥልጠና የወሰደ ቢሆን መልካም ነው። ብራና፣ ቆዳና የቆዳ ውጤቶችን ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው።"

መሪጌታ፦ የቆዳ ውጤቶች? ጫማችንን አውልቀን ልንገባ ነው?

ያሕያ፦ ጫማ... ጫማን አይጨምርም ይላል። እዚህ ግርጌው ላይ በትንሹ ተጽፏል።

(በሩ ይከፈታል። የምርጫ አስፈጻሚዋ ዜማ ብቅ ትላለች።)

ዜማ፦ እንደምን አደራችሁ! ይህን ድንጋይ በሙሉ ወደ ዳር አንሡልኝ፤ ድንጋይ አይመርጥም። ሰው ራሱ ይሰለፍ። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቅድሚያ አላችሁ፤ የኔታ ይግቡ። ጋሽ ያሕያ፣ ምን አግኝተው ነው እንዲህ የሚያፈጡት?

ያሕያ፦ የምርጫ ሕጉን እያነበብኩላቸው ነው።

ዜማ፦ የቱን? ይሄን? ይሄ እኮ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የለጠፉት ነው። "አንድ ቀንዷ የተሰበረ ጥቁር ፍየል ስለጠፋችብኝ" ነው የሚለው።

መሪጌታ፦ ጫማን አይጨምርም የሚለውስ?

ዜማ፦ የጥበቃው ስልክ ቁጥር ነው።

(ከግንቡ ሥር ሳቅ ይሰማል። ሰዎች ጋቢያቸውን እያራገፉ ይሰለፋሉ፤ ያሕያ ከፊት ይቆማል።)

መሪጌታ፦ ያሕያ፣ መነጽርህ የት አለ?

ያሕያ፦ (ቀስ ብሎ) ሱቅ። ሚዛኑ አጠገብ። ድንጋይ ስሸከም ረሳሁት።

መሪጌታ፦ ያለ መነጽር ነው እንግዲህ ዓይን ልትሆነኝ የመጣኸው?

ያሕያ፦ ዋናው መተማመን ነው ብዬ።

መሪጌታ፦ ዜማ ልጄ፣ ይቺ ብራና ትከለከላለች?

ዜማ፦ (አገላብጣ አይታ) ምንም አልተጻፈባትም፤ ቀዳዳ ብቻ ናት። ከረዳችዎት ምን ችግር አለው? ረዳት ከፈለጉ የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይገባሉ፤ ካልፈለጉ ብቻዎን።

መሪጌታ፦ ብቻዬን።

(ይገባሉ። ያሕያ በሩ ላይ ይቁነጠነጣል፤ አንገቱን ያሰግጋል። ከቆይታ በኋላ መሪጌታ አውራ ጣታቸው በቀለም ጠቁሮ፣ ፊታቸው ፈክቶ ይወጣሉ።)

ያሕያ፦ ምነው ቆዩ? ተሳሳቱ?

መሪጌታ፦ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ደስ ብሎኛል ያሕያ፤ በጣም ደስ ብሎኛል። በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜዬ ማንን እንደመረጥኩ አውቄ ስወጣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ያሕያ፦ ማንን መረጡ?

መሪጌታ፦ የሚሻለውን።

ያሕያ፦ (ከኋላው የተሰለፈውን ሰው እያየ) አሁን እኔ ምን ይሻለኛል? ሱቅ ሄጄ መነጽሬን ባመጣ ወረፋዬ ሊሄድ ነው፤ ድንጋዬንም አስነሥታብኛለች። ገበያተኛው ደግሞ መግባት ጀምሯል።

መሪጌታ፦ አንተም ረዳት ይዘህ ግባ። የምታምነውን።

ያሕያ፦ ከእነዚህ ውስጥ ማንን ላምን? ከኋላዬ ያለው አበረ የሚደግፈውን አውቀዋለሁ፤ የእሱን ሰው ነው ምልክት የሚያደርግልኝ። ያኛው ደግሞ የሰልማ ባል ነው፤ ማንን እንደመረጥኩ እስከ ምሳ ሰዓት ደብረ ማርቆስ ድረስ ይሰማል።

መሪጌታ፦ ቢሰማስ? በሠላሳ ዓመት ጉርብትና መካከል ምን ምስጢር አለ?

ያሕያ፦ አለ እንጂ! የገዛ ድምፄ እኮ ነው የኔታ!

(መሪጌታ ፈገግ ይላሉ። ያሕያ ጆሮውን ያካል።)

ያሕያ፦ እንዲያው... እርስዎ ረዳት ይሆኑኛል?

ዜማ፦ ጋሽ ያሕያ! እንዲያነቡልዎት የሚመርጡት የኔታን ነው?

ያሕያ፦ አንቺው አይደለሽ "የሚያምኑትን" ያልሽው? "የሚያየውን" አላልሽም። ሥልጠና ላይም ተምረነዋል!

(ዜማ ሳቋን ይዛ ታሳልፋቸዋለች። ሁለቱም ከመጋረጃው ኋላ ናቸው።)

መሪጌታ፦ ብራናዋን እንዲህ አገጣጥም። ስማቸውን በተራ እጠራልሃለሁ። የአንተ ሰው ጋ ስደርስ ትንፍሽ እንዳትል፤ ስንተኛ እንደሆነ በልብህ ያዝ። ስጨርስ ቆጥረህ ምልክት ታደርጋለህ። እኔ የቱ እንደሆነ አላውቅም።

ያሕያ፦ አንድም ቃል አልናገር?

መሪጌታ፦ አንድም። (ሰባቱን ስም በጆሮው እያንሾካሾኩ ይጠሩለታል) በል እንግዲህ።

(ያሕያ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ይቆጥራል። እስክሪብቶውን ያነሣል፤ ግን ያመነታል።)

ያሕያ፦ የኔታ...

መሪጌታ፦ ምነው?

ያሕያ፦ እባክዎ ወደዚያ ዞር ይበሉልኝ። ያዩብኛል።

መሪጌታ፦ (ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እያዞሩ) ይኸው ዞርኩልህ። ያኔ አንተም እንዲህ ዞር ብትልልኝ ኖሮ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ማንን እንደምረግም ባወቅሁ ነበር።