የጋሽ ዓለሙ ካርቶንና የማኪናዬ ኮፈን

«ለጊዜው» የምትባል ቃል አለች። እናንተም ቤት እንደምትኖር አልጠራጠርም። ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ፣ ለጊዜው በገመድ ይታሰር፣ ለጊዜው አትንገሯቸው። የወንበሯ እግር ሲሰበር ለጊዜው ግድግዳ እናስደግፋታለን፤ ከዚያ ልጅ ወልደን፣ ልጁ ድክ ድክ ብሎ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ወንበሯ እዚያው እንደተደገፈች ናት። ሰው ለዘላለም ብሎ ከሠራው ይልቅ ለጊዜው ብሎ የሠራው ዕድሜው ይረዝማል። እኔ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ከተማርኩት ቃል ሁሉ አንዱን መልሰህ አስረክብ ብባል ይህችን ያለ አንዳች ቅሬታ አስረክባት ነበር። ጉዳቱ፣ በትግርኛም አቻ አላት።

ነገሩ የጋሽ ዓለሙ ነው። ጋሽ ዓለሙ አስመራ፣ ሓዝሓዝ ሰፈር ውስጥ፣ ጎረቤታችን ነበሩ። ጎጃም ተወልደው በወጣትነታቸው አስመራ የገቡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚህ ኖረዋል፤ ትግርኛቸው የራሳቸውን አማርኛ እስከ ማጣመም ደርሶ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ሚስታቸው ወይዘሮ አልማዝ የሞቱት እዚሁ ነው፤ የተቀበሩትም እዚሁ።

ነጻነት ሲመጣ ከተማው ስንት ቀን እንደጨፈረ እግሬን ጠይቁት እንጂ እኔስ አላስታውስም። እኛ ስንጨፍር ጋሽ ዓለሙ ሻንጣ ይሸክፉ ነበር። ማንም ሂዱ አላላቸውም፤ ማንም ግን ቆዩ አላላቸውም። እኔም አላልኩም። ደስታ ጆሮ ይደፍናል መሰለኝ። ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው በሲባጎ የታሰረ ካርቶን ታቅፈው መጡ።

«ተኽላይ፣ መንገዱ አያስተማምንም» አሉኝ። «ልብስ ቢጠፋ ልብስ ነው። ይሄ ግን አልማዝ ናት። አንተ ዘንድ ትቆይልኝ።»

ውስጡ ፎቶ ነበር። የሠርጋቸው፣ ፎርቶ ኮረብታ ላይ ነፋስ እየመታቸው የተነሡት፣ ወይዘሮ አልማዝ ጉልበታቸው ላይ የጎረቤት ልጅ አስቀምጠው የሚስቁበት። የሃያ ዓመት ፎቶ ሁሉ። ባለቤቴ ሰናይት ካርቶኑን ተቀብላ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ኖረ። በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርግለት ነበር፤ ለሕያው ሰው እንደሚደረግ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ጋሽ ዓለሙ አዲስ አበባ ሥራ አግኝተዋል፣ ቤት ተከራይተዋል፣ ግድግዳው ግን ባዶ ነው። የሚያውቁት የጭነት ማኪና ሾፌር ቅዳሜ አስመራ ስለሚሆን ካርቶኑን እንድሰጠው ለመኑኝ። ዓርብ ማታ እንዳልረሳ ብዬ ካርቶኑን ከቁም ሣጥኑ አውርጄ ማኪናዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ስኮርታው ማለትም ትርፉ ጎማ አጠገብ፣ አስቀመጥኩት። ቅዳሜ ስወጣ አንድ የድሮ ወዳጄ መንገድ ላይ አስቆመኝ። አንድ ማኪያቶ ብቻ ተባባልን። አንድ ማኪያቶ አስመራ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስደርስ ሾፌሩ ሄዷል።

ሌላ ሾፌር በአሥራ አምስት ቀን ይመጣል ተባልኩ። ካርቶኑን ወደ ቤት መልሶ፣ እንደገና አውርዶ፣ ምን አደከመኝ? ለጊዜው እዚያው ይቆይ። ሁለተኛው ሾፌር በመጣ ቀን ቢሮ ስብሰባ ነበረን። ሦስተኛውን ረሳሁት። ክረምቱ ገባ።

ማኪናዬ ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ የምታንስ ናት። ዕድሜ እንደተጫነው ሰው ሁሉ እሷም ከላይ ደኅና ትመስላለች። ባለፈው ዓመት የኮፈኗ ወለል በዝገት ተበስቶ መደበር፣ የቀጥቃጮቹ ገበያ፣ ወስጄ አስበይጄው ነበር። ስለዚህ ልቤ ሙሉ ነበር።

ነሐሴ ላይ ሰናይት ማኪናው ውስጥ ገብታ አፍንጫዋን ያዘች። «ይህቺ ማኪና ምን ሞቶባት ነው?» አለች።

ኮፈኑን ከፈትኩት። የስኮርታው ማስቀመጫ ጉድጓድ ውኃ አቁሯል። ካርቶኑ ውስጡ ተቀምጦ እስከ አንገቱ ጠጥቷል። ላነሣው ብሞክር ታቹ እንደ ገንፎ ተቆርሶ ቀረ። ፎቶዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ወፍራም ጡብ ሆነዋል።

እዚህ ላይ ብቆም፣ እጄን ባጥፍ፣ አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ። ግን ጥፋተኛ ሰው ይቸኩላል። ጡቡን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አንድ በአንድ መላቀቅ ጀመርኩ። የአንዱ ፊት በሌላው ጀርባ ላይ እየተላጠ ቀረ። በሳብኩ ቁጥር አንድ ሰው ፊቱን ያጣል። የሠርጉ ፎቶ ላይ ቬሎው ቀርቷል፣ አበባው ቀርቷል፤ ሙሽራዋ የለችም። ሰናይት ከበሩ ቆማ «ተው፣ ተው ተኽላይ» ትለኛለች፤ እኔ የሚቀጥለው ይተርፋል እያልኩ እስከ መጨረሻው ቀጠልኩ። ከሁሉም አንድ ደኅና ተረፈ፤ ጋሽ ዓለሙ ብቻቸውን፣ ጠመኔ ይዘው፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙበት። ከዓለም ሰው ሁሉ የእሳቸው ፎቶ የማያስፈልገው ለእሳቸው ነበር። ራሳቸውን ለማየት መስታወት ይበቃቸዋል።

ንዴቴን የምጥልበት ሰው ፈለግሁ። ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ወለሉን የበየዱት ኣያ ገብረዝጊ መደበር ናቸው። መደበር እንደ ሁልጊዜው በርሜል እየተቀጠቀጠ ምድጃ ይሆናል፣ የበርበሬ ወፍጮው ዓይን ያስለቅሳል፣ ሰው ከመዶሻው በላይ ለመሰማት ይጮኻል። እኔ ከሁሉም በላይ ጮኽኩ። «እርስዎ» ማለቱን እንኳ ረስቼ፣ ሽበታቸውን እያየሁ፣ «አንተ ነህ ያጠፋኸኝ! ይሄ ብየዳ ነው? ይሄ ሥራ ነው?» አልኳቸው። ንግግራችን በትግርኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ስድቤ ትንሽ ለዝቧል። መዶሻዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች ዞረው ያዩናል።

ኣያ ገብረዝጊ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ወደ ኮፈኑ ጎንበስ ብለው ብየዳውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ግባ» አሉኝ።

«የት?»

«ኮፈኑ ውስጥ። እኔ እንዳልገባ ጉልበቴ አይታጠፍም።»

ክራቫት አስሬ ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ እንቢ ማለት አልቻልኩም። መጀመሪያ ውኃውን ቀድተው ውስጡን በጨርቅ አደረቁት። ከወፍጮ ቤቱ አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት አስመጥተው ጠርዝ ጠርዙን ነሰነሱበት። «ውኃ ይዋሻል» አሉ። «እዚህ ገብቶ እዚያ ይታያል። ዱቄቱ ላይ ግን መንገዱን ይጽፍልሃል።» ከዚያ አጣጥፈው ከተቱኝና ኮፈኑን ከላዬ ዘጉት።

ጉልበቴ አገጬ ሥር፣ የጎማ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ፣ ጨለማ። ውኃ ሲያፈሱ ይሰማኛል። መጀመሪያ በመብራቶቹ ዙሪያ አፈሰሱ፤ ምንም የለም። ከታች ወደ ብየዳው ረጩ፤ ምንም። «ደረቅ ነው?» ይላሉ ከውጭ። «ደረቅ ነው» እላለሁ፤ በየመልሱ ድምፄ እያነሰ። በመጨረሻ ቀና ስል ከራሴ በላይ፣ ከኋላው መስታወት ሥር፣ ሁለት የብርሃን ነጥቦች አየሁ። ጎን ለጎን፣ እንደ ዓይን። እዚያ ላይ ውኃ ሲያፈሱ ነጥቦቹ ጨለሙ። አንድ ጠብታ እንኳ መሐል ላይ አልወደቀም፤ ውኃው የኮፈኑን የውስጥ ጠርዝ ተከትሎ በጎን ወርዶ፣ ዱቄቱ ላይ ቀጭን መስመር እየሠራ፣ ካርቶኑ የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

ሲከፍቱልኝ ግማሽ መደበር ተሰብስቦ ነበር። ዱቄት ለብሼ ቁጭ አልኩ።

«አየኸው?»

«እወ።»

«ምን እንደሆኑ ታውቃለህ?»

አውቃለሁ። በነጻነቱ ሰሞን ሰው ሁሉ ማኪናው ላይ ባንዲራ ሲያስር እኔ ማሰር አነሰብኝ። መሰርሰሪያ ተውሼ ኮፈኑን ሁለት ቦታ በስቼ የብረት ምሰሶ ተከልኩ። ሓዝሓዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ማኪና የእኔ ብቻ ነበር። በኋላ ምሰሶውን ነቅዬ ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ደፍኜ ቀለም ቀባኋቸው። ስቱኮው መቼ እንደወደቀ አላየሁም።

ኣያ ገብረዝጊ ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ነኩ። «የባንዲራው ነው?»

«እወ።»

«እኔም ብስክሌቴ ላይ አድርጌ ነበር» አሉ። «በክር።»

ባለፈው ዓመት ሲበይዱ «ውኃው ከየት እንደሚገባ እንፈልግ» ብለውኝ፣ እኔ ቸኩያለሁ ብዬ መሄዴን እሳቸውም እኔም አስታውሰናል፤ እሳቸው ግን አላነሡትም። ከአሮጌ ጎማ ሁለት ክብ ቆርጠው፣ ሰፊ ራስ ባላቸው ሁለት ቡሎኖች ከላይና ከታች አጥብቀው ቀዳዳዎቹን ዘጉ። ጉድጓዱ ሥር በጭቃ የተደፈነውን ማፍሰሻም በሽቦ ከፈቱት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ ምን እንደተበላሸብኝ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ፎቶ?» አሉ። «እንዳትላቅቀው። መልሰህ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፤ ቀስ ብሎ ራሱ ይላቀቃል።»

ፊቴን አይተው ገባቸው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ስሳደብ ድምፄ መደበርን ሞልቶ ነበር፤ ይቅርታ ስጠይቅ ግን ራሴም በደንብ አልሰማሁት። ሰዎቹ ወደ መዶሻቸው ተመልሰው ስለነበር ስድቡን የሰሙ ሁሉ ይቅርታውን አልሰሙም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤው ነው። ለጋሽ ዓለሙ ልጽፍ ተቀመጥኩ። «ካርቶንዎን ሦስት ወር ማኪና ውስጥ ረሳሁት» የሚል ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ቋንቋ አልወጣልኝም። ስለዚህ የቤታችን ጣራ አፈሰሰ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ የነበረው ሁሉ ራሰ፣ ብዬ ጻፍኩ። ሰናይት አንብባ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ቤቱን የሠሩት አባቷ ናቸው።

«ያጠፋኸው አንተ» አለች፤ «የአባቴን ጣራ ለምን ትሰድባለህ?»

መልሱ መጣ። አንድም የወቀሳ ቃል የለበትም። ዋናው የእናንተ ደኅንነት ነው፣ ልጆቹን ብርድ እንዳይመታቸው፣ ይላል። ከመስቀል በኋላ የአልማዝን መቃብር ለማየት እንደሚመጡም ጽፈዋል።

መጡ። ከስተዋል። አንድ ትንሽ ሻንጣና በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዘዋል። ጋዜጣው ሲፈታ አንድ ቆርቆሮ ሬንጅ ነበር። ለጣራችን። ከአዲስ አበባ አስመራ ድረስ፣ ያን ሁሉ ቀን አውቶቡስ ላይ፣ እንዳይደፋ በእግራቸው መሐል ይዘውት መጥተዋል። ሰናይት አይታው ወደ ጓዳ ገባች፤ ቶሎም አልወጣችም። የተረፈችውን ፎቶ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩአት፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን የዝገት ቀለም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ኪሳቸው ከተቱአት።

በማግስቱ ከመቃብር ስንመለስ ኮታቸውን አውልቀው መሰላል ጠየቁኝ። «በዚህ ዕድሜዎ» ብል፣ ሰናይት «ይተዉት ጋሽ ዓለሙ» ብትል፣ አልሰሙንም። ተከትያቸው ወጣሁ። ጣራው በፀሐይ ያበራል፤ አንድ ምስማር እንኳ አልላላም። ጋሽ ዓለሙ ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው?»

አሁን ንገራቸው፣ ይላል ልቤ። ጣቴ ግን ተነሥቶ አንድ ቦታ አመለከተ። «እዚህ ጋ።»

ተንበርክከው ቀቡት። አጠገባቸው ተንበርክኬ ቆርቆሮውን ያዝኩላቸው። አጠገብ ለአጠገብ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን፤ ከታች መንገዱ ላይ ሰው በብስክሌት ያልፋል፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቦታ አላገኝም ነበር። «ሌላስ?» ይሉኛል። «እዚያም ጋ ትንሽ» እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ላደርሳቸው ማኪናዬን አስነሣሁ። የኋላውን ኮፈን ከፍቼ ሻንጣቸውን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ ዓለሙ ሻንጣዋን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

«ግድ የለም ተኽላይ፣ ጭኔ ላይ ትሁን።»

«አሁን እኮ አያፈስም» አልኩ።

አፌ ነው። እኔ አላዘዝኩትም። በሩ ላይ የቆመችው ሰናይት ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ ዓለሙ ኮፈኑን፣ ከላዩ ጎን ለጎን የተተከሉትን ሁለት ቡሎኖች፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«አውቃለሁ» አሉ በቀስታ፤ የፊተኛውን በር ከፍተው ገቡ።

ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም። ጣራው ላይ ይሁን፣ ፎቶዋን ሲያገላብጡ ይሁን፣ ወይስ ገና ደብዳቤዬን ሲያነቡ። ሰናይት አልነገርኳቸውም ብላ ምላለች። እጃቸውን ሻንጣዋ ላይ እንዳደረጉ ስለ አዲሶቹ ተማሪዎቻቸው ያጫውቱኝ ጀመር፤ አንዱ ክፍልፋይ አይገባውም፣ አንዷ ግን ተአምር ናት። እኔ መሪውን ይዤ፣ አሁን ይቆጡኛል፣ ይሄን መታጠፊያ ስናልፍ ይቆጡኛል፣ እያልኩ ስጠብቅ መናኸሪያው ደረስን።